ክብ ካርታ ልሥራ ላልሽኝ

ልጄ፣ የራስሽን የታሮት ካርታ ልትሠሪ መነሣትሽን፣ ቅርጹም የተለመደው አራት ማዕዘን ሳይሆን ክብ ወይም ባለ ስድስት ጎን እንዲሆን መመኘትሽን ስሰማ ደስ አለኝ። ስለ ሥዕሉ የምጨምርልሽ የለኝም፤ እጅሽን አውቀዋለሁ። ስለ ቅርጹ ግን ዕድሜዬን ማተሚያ ቤት ውስጥ ወረቀት ሲታተምና ሲቆረጥ እያየሁ ስለኖርኩ የምነግርሽ አለኝ። ብዙ ወጣት ሠዓሊዎች ቅርጽን ሥዕሉ ካለቀ በኋላ የሚመርጡት ጌጥ ያደርጉታል። እኔ የምልሽ እርሳስሽን ከማንሣትሽ በፊት ወስኚው ነው። ሥዕልሽ እንዴት እንደሚነበብ፣ በማን እጅ እንደሚያዝ፣ ኅትመቱም ስንት ብር እንደሚያስወጣሽ የሚወስነው እሱ ነውና። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌልሻለሁ።

1. አራት ማዕዘን ሕግ አይደለም፤ ያለ ምክንያት ግን አልነገሠም።

ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ የተወለደ ጨዋታ ነው። ለሟርት መዋሉ የተስፋፋው ብዙ ቆይቶ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ዛሬም ፈረንሳዮች በ78ቱ ካርድ፣ ኦስትሪያውያን ደግሞ በ54 ካርድ እንዲሁ ለጨዋታ ብቻ ይቀመጡበታል። ይህን የማነሣልሽ ካርታ ሲባል ጥንቆላ ብቻ የሚታያቸው ዘመዶች ስለማይጠፉሽ ነው። ሲጠይቁሽ ረጋ ብለሽ የምትመልሺው እውነት በእጅሽ ይኑር።

ከጥንቶቹ ታሮቶች ዝነኛው በ1450 ገደማ ለሚላኖ መስፍን ቤት የተሣለው የቪስኮንቲ ስፎርዛ ካርታ ነው። ካርዱ ቁመቱ 17 ሴንቲሜትር አልፎ ወርዱ 9 ሴንቲሜትር የማይሞላ፣ ረጅምና ጠባብ ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው፣ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ሥላው በ1909 ለንደን የወጣው ካርታም የዚያው ዘር ነው፤ የተለመደው መጠኑ 7 በ12 ሴንቲሜትር ነው።

ክብ ካርታም ቢሆን እንግዳ አይደለም። በ1500 ገደማ ፒ ደብሊው በሚባሉት ፊደላት ብቻ የሚታወቅ የኮሎኝ ባለሙያ በመዳብ ላይ ቀርጾ ያተማቸው፣ ጽጌረዳ፣ በቀቀንና ጥንቸል ያለባቸው ክብ የመጫወቻ ካርዶች አሉ። ኒው ዮርክ በሚገኘው የክሎይስተርስ ሙዚየም ደግሞ ከ1475 እስከ 1480 ባለው ጊዜ በደቡብ ኔዘርላንድስ የተሣሉ 52 ሞላላ ካርዶች አንድም ሳይጎድሉ ተቀምጠዋል። የአደን ቀንድ፣ የውሻ አንገትጌ፣ ማሰሪያና ወጥመድ ናቸው የተሣሉባቸው። የሙዚየሙ ባለሙያዎች ካርዶቹን አይተው ምናልባት አንድም ቀን አልተጫወቱባቸውም፣ የሰብሳቢ ብርቅ ዕቃ ሆነው ሳይሠሩ አልቀሩም ይላሉ። ለአንቺ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። ያልተለመደ ቅርጽ ሰውን ያስደንቅና ከመሳቢያ ሳይወጣ ሊቀር ይችላል። አንቺ የምትፈልጊው ጠርዙ በእጅ ብዛት የሚያረጅ ካርታ ከሆነ፣ ከዚህ በታች ያለውን ታግሠሽ አንብቢልኝ።

በሌላ በኩል ሕንድን ተመልከቺ። ጋንጂፋ የሚሉት ካርታቸው በአብዛኛው ክብ ነው፤ የሙጋሉ ዓይነት በ8 ወገን 96 ካርድ፣ የቪሽኑን ዐሥር ትስጉቶች የያዘው ዳሻቫታር ደግሞ 120 ካርድ አለው። የሙጋሉ ንጉሥ ባቡር በ1527 ለወዳጁ ጋንጂፋ እንደ ላከ በማስታወሻው ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ለብዙ መቶ ዓመታት ሰው ተጫውቶበታል፤ በማሃራሽትራዋ ሳዋንትዋዲና በኦዲሻ መንደሮች እስከ ዛሬ በእጅ ይሣላል። ስለዚህ ክብ ለእጅ አይሆንም የሚልሽን አትመኚ። ሕንዶቹ ግን ክብነቱ ያመጣባቸውን ችግር አንድ በአንድ ፈትተዋል። አንዱን መፍትሔ ቁጥር 5 ላይ እነግርሻለሁ።

2. ቅርጹ በንባቡ ላይ ምን እንደሚለውጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተሽ ወደ አራት ማዕዘኑ ተመለሺ።

ቪኪ ኖብልና ካረን ቮገል በ1978 ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ውስጥ ጀምረው በ1981 ያሳተሙትን መዘርፒስ ታሮት ፈልገሽ እዪ። ካርዱ ክብ ነው፤ ዲያሜትሩ 11 ሴንቲሜትር ተኩል ይጠጋል። ሴቶቹ ክቡን የመረጡት የሴቶችን መንፈሳዊነት ማዕከል ያደረገ ሥራ ስለነበር፣ ላይና ታች፣ አለቃና ምንዝር የሌለበት ቅርጽ ፈልገው ነው። በዚያ ብቻ አልቆሙም። አራት ማዕዘን ካርድ ወይ ይቆማል ወይ ይገለበጣል። የእነሱ ግን ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ አንባቢዋም የማዘንበሉን መጠን ጭምር ታነበዋለች። እንዲህ ሲሆን ቅርጹ ሥራ አለው እላለሁ። በ2017 ዲዮር የተባለው የፋሽን ቤት እነዚያን ሥዕሎች በልብስ ላይ ሲያወጣቸው ሰው ወዲያው የለያቸው ከክብ መልካቸው የተነሣ ይመስለኛል።

ይህ ነጻነት ዋጋ አለው፤ አስቢው። አራት ማዕዘን ካርድ ሁለት አቀማመጥ አለው፤ በ78 ካርድ 156 ትርጉም ማለት ነው። እኩል ጎን ያለው ካሬ አራት አቀማመጥ አለው፤ 312 ይሆናል። ባለ ስድስት ጎኑ ላይ ስትደርሺ 468 ነው። አብሮት የሚወጣውን መጽሐፍ የምትጽፊው አንቺ ነሽ። በየአቅጣጫው የምትዪው እውነተኛ ነገር ካለሽ ግቢበት። ከሌለሽ ደግሞ አቅጣጫ አይነበብም ብለሽ በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በግልጽ ጻፊ፤ የገዛችው ሴት ካርዱን እያዞረች ስትጨነቅ አትዋል።

3. የተሰቀለውን ሰው መጀመሪያ ሣዪ።

ሜጀር አርካና ከሚባሉት 22 ዋና ካርዶች 12ኛው በአንድ እግሩ ቁልቁል የተንጠለጠለው ሰው ነው። የካርዱ ኃይል ሁሉ ያለው ዓለም ቀጥ ብላ እሱ ብቻ በመገልበጡ ነው። በክብ ካርድ ላይ ግን ላይኛውን ከታችኛው የሚለይ ጠርዝ የለም። ካርዱ ዞሮ ሲወጣ ሰውየው በአንድ እግሩ ቆሞ የሚጨፍር ይመስላል፤ አንባቢዋም የትኛው እንደሆነ የምታውቅበት የለም። ስለዚህ ቁልቁለቱን ጠርዙ ሳይሆን ሥዕሉ ራሱ መናገር አለበት። ጸጉሩ ወደ መሬት ይውረድ፣ የልብሱ ጫፍ ይገልበጥ፣ ገመዱ ክብደት ተሸክሞ ይወጠር፣ ከተቻለ የዛፉ ሥር ይታይ። ይህን አንድ ካርድ በመረጥሽው ቅርጽ ሥለሽ፣ በየአቅጣጫው አዙረሽ ለማያውቀው ሰው አሳዪው። “ይህ ሰው ምን ሆኗል?” ብለሽ ጠይቂው። በየትኛውም አቅጣጫ ተንጠልጥሏል ካለሽ ቅርጹን ማጽደቅ ትችያለሽ።

ሌሎችም ቁመት የሚፈልጉ አሉ። 9ኛው ባሕታዊ ከነፋኖሱ ብቻውን የሚቆም ነው። 16ኛው ግንብ ሰዎች ከላይ እየወደቁ የሚታይበት ነው፤ ውድቀት ደግሞ ርዝመት ይፈልጋል። በክብ ውስጥ ግንቡን መሐል ላይ ቀጥ አድርገሽ ብትተክዪው ግራና ቀኙ ባዶ ሜዳ ይሆንብሻል። 10ኛው የዕድል መንኮራኩር በተቃራኒው ከክቡ ጋር የተወለደ ይመስላል። ልብሽ ወደ ክቡ ያደላው መንኮራኩሩን እያሰብሽ እንዳይሆን እፈራለሁ፤ እሱ እኮ ከ78 አንዱ ብቻ ነው።

በክብ ውስጥ መሣልን ከጣሊያኖች ተማሪ። ፍሎረንስ በኡፊዚ ያለውን የሚካኤል አንጄሎን ዶኒ ቶንዶ፣ እዚያው በፒቲ ቤተ መንግሥት ያለውን ራፋኤል የሣላትን የወንበሯን እመቤት ጥሩ ቅጂ ፈልገሽ ደጋግመሽ እዪ። ራፋኤል እናቲቱን አላቆማትም። አስቀምጧት፣ ጉልበቷን አንሥቶ፣ ክንዷን በልጁ ዙሪያ አጥፎ፣ አንገቷንም ወደ ልጁ አዘንብሎ የሰውነቷን መስመር ሁሉ ከክቡ ጋር አስማምቶታል። በክብ ፍሬም ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው እግሩ የሚያርፍበት ያጣል። ባሕታዊሽ ቢቀመጥ፣ ቢያጎነብስ ወይም ከላይ ወደ ታች ብናየው ምን ይመስላል? ሰባ ስምንቱን ሁሉ እንደዚህ እንደገና ማሰብ ይኖርብሻል። ሥራው ይህ ነው፤ ደስታውም እዚሁ ነው።

4. ካርዶቹ ጠረጴዛ ላይ እርስ በርስ እንዴት እንደሚቀመጡ አስቢ።

ታሮት በአንድ ካርድ ብቻ አይነበብም። አርተር ኤድዋርድ ዌይት በመጽሐፉ ያስፋፋው፣ የኬልት መስቀል የሚባለው ባለ 10 ካርድ ዘርጊያ ዛሬ በዓለም ከሚታወቁት ዋናው ነው። በእሱ ሁለተኛው ካርድ በአንደኛው ላይ አግድም ይጋደማል፤ የሚሻገርሽን፣ የሚቃወምሽን ነገር ያሳያል። አራት ማዕዘን ሲሆን የታችኛው ካርድ ራሱና እግሩ ብቅ ብሎ ይታያል። አሁን ሁለት እኩል ክቦችን አደራርቢ። የላይኛው የታችኛውን ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል፤ መስቀል የሚባል ነገር አይኖርም። ካሬም እንዲሁ ያደርግሻል። ወይ የራስሽን ዘርጊያ ትፈጥሪያለሽ፣ ወይ ሁለተኛው ካርድ ግማሽ ብቻ እንዲደረብ በመጽሐፍሽ ትደነግጊያለሽ። ይህን ያልነገርሻት አንባቢ ካርታሽን በመጀመሪያው ምሽት ትተዋለች።

ባለ ስድስት ጎኑ ደግሞ አራት ማዕዘኑ የማይሰጥሽን ይሰጥሻል። እንደ ማር ሰፈፍ ያለ ክፍተት ይጋጠማል፤ አንዱ ካርድ በአንድ ጊዜ ስድስት ጎረቤት ይኖረዋል። በየጎኑ ላይ ወንዝ፣ መንገድ ወይም ክር ብትሥዪ ከጎረቤቱ ካርድ ጋር ይቀጥላል ወይም ይቋረጣል፤ አንባቢዋም መቀጠሉንና መቋረጡን ታነባለች። ሐቀኛ አስተያየቴን ከፈለግሽ፣ ከጠየቅሽኝ ቅርጾች ሁሉ ገና ብዙ ያልተባለበት ይኸኛው ነው።

5. እጅን አትርሺ።

እኛ አገር ኮንከር ሲጫወት ያደገ እጅ አራት ማዕዘን ካርታ መበወዝ ለምዷል፤ ግማሹን በግራ ይዞ፣ በአውራ ጣት እየለቀቀ፣ አጭሩን ጎን መዳፍ ላይ አሳርፎ። ሰባት ሴንቲሜትር ወርድ ለማንኛውም አዋቂ ሰው መዳፍ ይበቃል። ዐሥራ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ክብ ግን ለትንሽ እጅና ጣቱ በቁርጥማት ለደነደነ ሰው ፈተና ነው። ሰባ ስምንት ካርድ፣ እያንዳንዱ 0.35 ሚሊሜትር ቢወፍር፣ ተደራርቦ 27 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህን ውፍረት በዚያ ስፋት አንድ ላይ ጨብጦ መበወዝ ከባድ ነው፤ ክብ ካርታ ጠረጴዛ ላይ በጨርቅ ተዘርግቶ በሁለት መዳፍ መታመስ ይወዳል። መጽሐፍሽ ይህን ይንገር። ከወደቀም ተንከባሎ ከአልጋ ሥር እንደሚገባ ዕወቂ።

እጅ ውስጥ ሲዘረጋም ሌላ ጣጣ አለ። አራት ማዕዘን ካርድ ቁጥሩንና ምልክቱን ማዕዘኑ ላይ ይይዛል፤ ክብ ማዕዘን የለውም። ቀደም ብዬ ቃል የገባሁልሽ የሕንዶቹ መፍትሔ ይኸውልሽ፤ የጋንጂፋ ሠዓሊ እያንዳንዱን ወገን በራሱ የመደብ ቀለም ይቀባዋል። ትንሽ ጠርዝ ብቻ ብትታይ ቀለሟ ወገኗን ትናገራለች። የታሮት ወገኖች፣ ዋንጫ፣ ሰይፍ፣ ዘንግና ሳንቲም፣ ለአንቺም አራት ቀለም ሊሆኑ ይችላሉ።

ሥዕል ከመጀመርሽ በፊት በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወረቀት ገዝተሽ፣ በኮምፓስ ለክተሽ፣ በምላጭ 78 ባዶ ካርዶች ቁረጪ። ቁጥር ብቻ ጻፊባቸው። ቤት ውስጥ ይዙሩ፤ እናትሽም፣ ታናሽ ወንድምሽም ይበውዙት። የት እንደሚያመልጣቸው ቆመሽ እዪ። ከዚህ የሚረክስ ሙከራ አላውቅልሽም።

6. ሦስት ማዕዘን ቢያምርሽም ተዪው።

ሹል ማዕዘኑ ከሁሉ ቀድሞ ይታጠፋል፤ የታጠፈ ካርድ ደግሞ ከጀርባው ይታወቃል፣ የታወቀ ካርድ ከካርታው ወጥቷል ማለት ነው። ማዕዘኑን ብታከብቢው ሦስት ማዕዘንነቱ ይጠፋል።

7. ጀርባው አቅጣጫ አይኑረው።

ካርዱ የተገለበጠ መሆኑ ከጀርባው ከታወቀ የሚሳበው በዕጣ መሆኑ ያበቃል። አራት ማዕዘን ጀርባ በግማሽ ዙር ሲዞር ራሱን መምሰል አለበት። ካሬው በሩብ ዙር፣ ባለ ስድስት ጎኑ በየስድስተኛው ዙር፤ ክቡ ግን በማንኛውም። ለክብ የሚሆነው አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጠ ቀለበት ወይም አቅጣጫ የሌለው ብትንትን ነጠብጣብ ነው። ቀለበቱን ጠርዝ ላይ ቀጭን አድርገሽ እንዳታሠምሪ። የመቁረጫው ስለት አንድ ሚሊሜትር ቢሸሽ፣ አራት ማዕዘን ላይ ዓይን ያልፈዋል፤ ክብ ላይ ግን ቀለበቱ በአንድ ወገን ወፍሮ በሌላው ሲሳሳ ማንም ያየዋል። ሥዕሉን ከመቁረጫው መስመር ውጭ በየአቅጣጫው 3 ሚሊሜትር አሳልፊው፤ አስፈላጊ ነገር ደግሞ ከመስመሩ ወደ ውስጥ ከ3 ሚሊሜትር አይቅረብ።

ስሞቹን በአማርኛ የምትጽፊ ከሆነ በጠርዙ ዙሪያ አታጉብጫቸው። “የዕድል መንኮራኩር” ክብ ላይ ሲታጠፍ የፊደሎቹ እግር ይጣበቅና አናታቸው ይበታተናል። ከሥዕሉ በታች ባለች ቀጥ ያለች መስመር ላይ አሳርፊያቸው።

8. ሉሁን ራስሽ ቁጠሪ።

ማተሚያ ቤት ዋጋ ሲነግርሽ የሚያስበው በካርድ ሳይሆን በሉህ ነው። እንቁጠር፤ ሉሁ 64 በ90 ሴንቲሜትር ይሁን። የ7 በ12 ካርድ ከነ 3 ሚሊሜትር ትርፉ 76 በ126 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በሉሁ ላይ 8 በ7፣ 56 ካርድ ይገባል። ሰባ ስምንቱ ሁለት ሉህ ይበቃዋል። አሁን ዲያሜትሩ 114 ሚሊሜትር የሆነ ክብ እንውሰድ፤ ከነትርፉ 120 ነው። በቀጥታ ረድፍ ሲደረደር 5 በ7፣ 35 ብቻ ይገባል፤ ሁለት ሉህ 70 ካርድ ይይዝና 8 ካርድ ሦስተኛ ሉህ ያስከፍትሻል። ዲያሜትሩን ወደ 98 ሚሊሜትር ብታወርጂው ግን ከነትርፉ 104 ይሆናል፤ 6 በ8፣ 48 ይገባል፣ ሁለት ሉህ ይበቃሻል። ሁለት ሴንቲሜትር በማትሞላ ቅናሽ ሦስተኛውን ሉህ፣ ከነፕሌቱና ከነቀለሙ አስቀረሽ። ለትንሽ እጅም ተመቸ።

ክብ ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት ካሬ 21 በመቶ ተኩል ያህሉን ቁርጥራጭ አድርጎ ያስጥላል። ባለ ስድስት ጎን አይጥልም ሊሉሽ ይችላሉ፤ በሒሳብ እውነት ነው፣ ጎን ለጎን ያለ ክፍተት ይሰካካል። ለካርዶቹ የ3 ሚሊሜትሩን ትርፍ ስትሰጪ ግን ጥቂት ይጠፋል፣ በሉሁም ዳር ግማሽ ግማሽ ቦታ ይቀራል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ሥለሽ ቁጠሪው፤ በሰው ቃል አትደምሪ።

9. ስለ ሳጥኑና ስለ ውሉ።

ክብ ካርታ ወይ ክብ ቆርቆሮ ወይ ካሬ ሳጥን ይፈልጋል። ካሬውን ምረጪ፤ መደርደሪያ ላይ ይቆማል፣ በፖስታ ሲላክ አይንከባለልም፣ መጽሐፍሽም በዚያው ልክ ካሬ ሆኖ ከላይ ይተኛል።

አራት ማዕዘን ካርድ በተራ መቁረጫ ይቆረጣል። ክብና ባለ ስድስት ጎን ግን ዳይ ከት ይፈልጋሉ፤ በጣውላ ላይ ስለቱ በቅርጹ ልክ ታጥፎ የሚተከልበት መሣሪያ ነው፣ ለብቻው ይከፈልበታል። ከመክፈልሽ በፊት በዚያው ስለት፣ ካርታሽ በሚታተምበት ወረቀት ላይ የተቆረጡ 78 ባዶ ካርዶች እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ደርድሪያቸውና በጣትሽ ዙሪያቸውን ዳሺ፤ ስለቱ ጫፍና ጫፉ የሚገናኝበት ላይ ትንሽ ጥርስ ትቶ እንደሆነ ጣትሽ ያገኘዋል። ጥርስ ካለ መልሺው፣ ስለቱን ያስተካክሉልሽ። በውሉ ላይ ደግሞ ዳይ ከቱ የአንቺ ንብረት መሆኑን፣ ኅትመቱ ሲያልቅም እንደሚያስረክቡሽ አስጽፊ። ሁለተኛ እትም ያስፈለገሽ ጊዜ ወደ ሌላ ማተሚያ ቤት ይዘሽው መሄድ ትችያለሽ።